ብሌዱ ላይ ያለው ዘይት ምን ያህል ያሳስባል?

ያገለገለ የካሜራ ሌንስ የሚሸጡ ሰዎች ማስታወቂያቸው ላይ የሚያዘወትሩት አባባል አለ። «ብሌዱ ላይ ትንሽ ዘይት አለ፤ ፎቶውን ግን አይነካም።» አንዳንዴ ይህ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌንሱ ለታሰበለት ሥራ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው። ሻጩ ሆን ብሎ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። ያው አንድ ዓይነት ዘይት በአንዱ ሌንስ ላይ ምንም ሳያመጣ ይኖራል፤ በሌላው ላይ አንድ ሙሉ ፊልም ያበላሻል። ልዩነቱ ያለው በዘይቱ መጠን ላይ ብቻ አይደለም። ብሌዶቹን የሚገፋቸው ምንድን ነው? በምን ያህል ፍጥነትስ እንዲደርሱ ይጠበቅባቸዋል? ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ብሌዶቹን እንወቃቸው። አፐርቸር ሌንሱ ውስጥ ያለው ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ስፋቱ በኤፍ ቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ቀዳዳውን የሚያሰፉትና የሚያጠቡት እርስ በርስ የተደራረቡ፣ በጣም ስስ የሆኑ ጥቁር ብረቶች ናቸው። ብሌድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ብዛታቸው ከሌንስ ሌንስ ይለያያል። የሶቪየቱ ሄሊዮስ 44-2 ስምንት አለው። የዚያው አገር ምርት የሆነው ጁፒተር 9 ደግሞ 15 አለው፤ ለዚህም ነው ቀዳዳው ሲጠብ እንኳ ክብ ሆኖ የሚታየው። ብዙዎቹ የኋላ ዘመን ሌንሶች ከ5 እስከ 8 ባለው ውስጥ ናቸው።

እያንዳንዱ ብሌድ በሁለት ጫፎቹ ላይ ሁለት ትንንሽ ፒኖች አሉት። አንዷ ፒን የማይንቀሳቀስ ሳህን ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ሌላዋ የሚዞር ቀለበት ላይ በተቀደደ መስመር ውስጥ ትንሸራተታለች። ቀለበቱ ሲዞር ብሌዶቹ ሁሉም አንድ ላይ ወደ መሐል ይጠጋሉ ወይም ወደ ዳር ይሸሻሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ብሌዶቹ የተሠሩት ደርቀው እንዲሠሩ ነው። ፋብሪካው ዘይትም ግራሶም አይቀባቸውም። ክብደት የላቸውም፣ ጫና የለባቸውም፤ ማለስለሻ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ብሌዱ ላይ ዘይት ካያችሁ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ዘይቱ ከየት ይመጣል?

አብዛኛውን ጊዜ ከፎከስ ነው። የፎከስ ቀለበቱን ስታዞሩ መስታወቶቹ በሙሉ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳሉ። ይህ የሚሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ በሚዞሩ፣ ሰፋፊ ጥርስ በወጣላቸው የብረት ቱቦዎች ነው፤ ሄሊኮይድ ይባላል። ያ ስትነኩት ደስ የሚል፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ የአሮጌ ሌንስ ፎከስ የሚመጣው ጥርሶቹ መካከል ካለው ግራሶ ነው።

ግራሶ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዘይት ነው። ሁለተኛው ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው፣ ብዙውን ጊዜ ከሳሙና ዓይነት ነገር የሚሠራ ማወፈሪያ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማወፈሪያው የያዘውን ዘይት ቀስ እያለ ይለቃል። ሙቀት ነገሩን ያፋጥነዋል። የተለቀቀው ዘይት በብረቱ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ ቀለል ያለው ክፍሉ ደግሞ ተንኖ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ብሌዶቹ ከሄሊኮይዱ ብዙም አይርቁም። በራሳቸው በብሌዶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የደረሰውን ዘይት ስቦ ያስገባል። አንዴ ከገባ በራሱ አይወጣም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ፎከሱ የከበደ ሌንስና ብሌዱ ዘይት ያለበት ሌንስ ብዙ ጊዜ አንድ ሌንስ ነው። ዘይቱ ከግራሶው ወጣ፤ የቀረው ማወፈሪያ ደረቀ፤ ቀለበቱ ከበደ። አንዱን ምልክት ካያችሁ ሌላውን ፈልጉ።

ከዚያ ደግሞ «ላስተካክለው» የሚል ሰው ይመጣል። የከበደውን ቀለበት ለማላላት በጠርዙ በኩል የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ቀለበቱ በዚያው ቀን ይለሰልሳል፤ ሰውየውም ይደሰታል። ዘይቱ ግን ቀጭን ነው፤ ግራሶ የሚቆይበት ቦታ ላይ አይቆይም። እየወረደ ብሌዶቹን ያገኛቸዋል። በእኔ ግምት ብሌዳቸው ተነክሮ የወጣ ከሚመስሉት ሌንሶች ብዙዎቹ ያረጁ ብቻ ሳይሆኑ በዚህ መንገድ «የታከሙ» ናቸው።

አንድ የተለመደ ስሕተትም አለ። «ሌንሱ ከሣጥኑ ወጥቶ አያውቅም፣ አዲስ ነው» ሲባል ሰው ይዘናጋል። ዘይቱ የሚለቀው ሌንሱ ስለተሠራበት አይደለም፤ ጊዜ ስለሄደበት ነው። 40 ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሌንስ በየቀኑ ከሚሠራበት የባሰ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ብሌዶቹ መዘግየታቸውን የሚያስተውል ሰው አልነበረም።

በዚህ ጣጣ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣ ሌንሶች አሉ። የኒኮን ማይክሮ ኒኮር 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን እስከ ነገሩ ግማሽ መጠን ድረስ አቅርቦ ያነሣል፤ መስታወቱ ዛሬም ያስደንቃል። ያን ያህል ለማቅረብ ግን ረጅም ሄሊኮይድ ያስፈልገዋል። የምሥራቅ ጀርመኑ የካርል ዛይስ የና ፍሌክቶጎን 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.4ም እንዲሁ ነው። ይህ ማለት እነዚህን ሌንሶች አትግዙ ማለት አይደለም። ሳትሞክሩ አትግዙ ማለት ነው።

ሞላውና ሰዓቱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

በድሮው አሠራር የአፐርቸር ቀለበቱ ከብሌዶቹ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነበር። ቀለበቱን በጣታችሁ ታዞራላችሁ፤ ብሌዶቹ ይከተላሉ። ሄሊዮስ 44-2ም ሆነ ጁፒተር 9 በአብዛኛው የሚገኙት በዚህ አሠራር ነው፤ በሌንሱ ሳይሆን በሌላ መስኮት የሚታይባቸው የሬንጅፋይንደር ካሜራዎች ሌንሶችም እንዲሁ። እንደዚህ ባለ ሌንስ ላይ ዘይት ቢኖር የጣታችሁ ጉልበት ከዘይቱ ይበልጣል። ብሌዱ እርጥብ ይመስላል፤ ለዓይን ያስጠላል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። ስለዚህ የጁፒተር 9 ሻጭ «ፎቶውን አይነካም» ቢል ባመዛኙ ልክ ነው።

የኤስኤልአር ካሜራ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በኤስኤልአር የምናየው በራሱ በሌንሱ በኩል ነው። አፐርቸሩ ኤፍ 11 ላይ ጠብቦ ከቆየ የምናይበት መስኮት፣ ቪውፋይንደሩ፣ ይጨልማል፤ ፎከስ ማድረግም ያዳግታል። መፍትሔው አውቶማቲክ አፐርቸር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ይህን ይዞ ነው የመጣው። ቀለበቱን ኤፍ 11 ላይ ስታደርጉት ብሌዶቹ ንቅንቅ አይሉም። ሌንሱ ገደቡን ብቻ ይይዛል። ፎቶውን ስታነሡ ከሌንሱ ኋላ ካሜራው ውስጥ ያለው፣ ምስሉን ወደ ቪውፋይንደሩ የሚያንጸባርቀው መስታወት ወደ ላይ ይነሣል፤ በዚያችው ቅጽበት ብሌዶቹ ገደቡ ድረስ ይዘጋሉ፤ ከዚያ ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው መጋረጃ፣ ሻተሩ፣ ይከፈታል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

ብሌዶቹን በዚያ ፍጥነት የሚወስዳቸው አንድ ትንሽ ሞላ ነው። ሞላው ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጠንካራ ቢሆን ስሶቹን ብሌዶች በየፎቶው እየደበደበ ይጨርሳቸው ነበር። ስሌቱ የተሠራው ለደረቀ ብሌድ ነው።

ሁለት መስታወቶችን ውኃ አስነክታችሁ ብታጣብቁ ማንሸራተቱም ማላቀቁም ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። ብሌዶቹም የሚደርስባቸው ይኸው ነው፤ ያውም ከውኃ በወፈረ ዘይት፣ በብዙ ድርብርብ። የሚገርመው በጣም ስስ የሆነ የዘይት ንጣፍ ይበልጥ መያዙ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ነው» የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናም። ዘይቱ ሲያረጅ ደግሞ ይጠቁራል፣ ሙጫ ይሆናል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ደብዛዛና የሚያጣብቅ ይሆናል። ይሄኛው ዓይነት ለዓይን ብዙም አይታይም፤ ለሞላው ግን የባሰ ነው።

እንግዲህ ሻተሩ ብሌዶቹን አይጠብቅም። ደረሱም አልደረሱም ይከፈታል። ኤፍ 8 ብላችሁ ብሌዶቹ ገና ኤፍ 2 ላይ ከሆኑ ልዩነቱ አራት ስቶፕ ነው። እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርገው ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ካሰባችሁት 16 እጥፍ ይሆናል። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ የሰው ፊትም ነጥቶ ይጠፋል።

ሰውን የሚያሳብደው ግን ወጥ አለመሆኑ ነው። አንዱ ፎቶ ልክ ይወጣል፤ ቀጣዩ ይነጣል። ብሌዶቹ አንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ይያዛሉ፣ አንዴ ይደርሳሉ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የብርሃን መለኪያውን ነው። ከዚያ ባትሪውን፣ ከዚያ ሻተሩን፣ ከዚያ ፊልሙን ያጠበውን ሰው። ሌንሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው። መለያው ግን ቀላል ነው፤ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የተነሡት ፎቶዎች ልክ ሆነው፣ አፐርቸሩ ጠብቦ የተነሡት ብቻ ከነጡ ብሌዱን ጠርጥሩ። ተከፍቶ ሲነሣ ብሌዶቹ መንቀሳቀስ ስለማይጠበቅባቸው ዘይቱ ሚና የለውም።

የሻተሩ ፍጥነትም ነገሩን ይደብቃል ወይም ያጋልጣል። አንድ ሰከንድ በሚፈጅ ፎቶ ላይ ብሌዶቹ ቢዘገዩም ቀሪውን ጊዜ በቦታቸው ያሳልፋሉ፤ ስሕተቱ አይታወቅም። 1/1000 ሰከንድ ላይ ግን ብሌዶቹ ሳይደርሱ ፎቶው አልቋል። ስለዚህ «በጨለማ ጥሩ ያነሣል፤ ፀሐይ ላይ ይበላሻል» የሚባል ሌንስ ካጋጠማችሁ አትገረሙ።

ፊልሙም ተባባሪ ነው። የኔጌቲቭ ፊልም አንድ ሁለት ስቶፕ የበዛ ብርሃን ብዙ ሳያማርር ይሸከማል። ብሌዱ የዘገየ ስንት ሌንስ ማንም ሳያውቅበት ለዓመታት ሠርቷል። ያው ሌንስ ስላይድ ፊልም ወይም ዲጂታል ካሜራ ላይ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ብርድ ዘይትን ያወፍራል። ቤት ውስጥ ጤነኛ የነበረ ሌንስ ብርዳማ ጠዋት ላይ ሊያቅተው ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ብሌዶቹ መዝጋት ሳይሆን መልሰው መክፈት የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ቪውፋይንደሩ ጨልሞ ከቀረ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሚረርለስ ካሜራ ላይ

ዛሬ ብዙ አሮጌ ሌንሶች የሚሠሩት በአዳፕተር፣ ማለትም በማገናኛ ቀለበት፣ ሚረርለስ በሚባለው የሚነሣ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ ላይ ተገጥመው ነው። እዚህ ጨዋታው ይቀየራል። አዳፕተሩ ሌንሱን በመረጣችሁት አፐርቸር ላይ አጥብቦ ያቆየዋል። ፎቶውን ከማንሣታችሁ በፊት ብሌዶቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ሰከንድም ቢፈጅባቸው የሚቸኩልባቸው የለም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ብርሃን ራሱ ፎቶው ላይ የሚወጣው ነው።

ይህን ካወቃችሁ የብዙ ጭቅጭቅ ምክንያት ይገባችኋል። ሻጩ ሌንሱን በሚረርለስ ሲጠቀምበት ኖሯል፤ ለእሱ ጤነኛ ነው። ገዢው ወስዶ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ በቀረ ኤስኤልአር ካሜራ ላይ ገጠመው፤ ለእሱ የሞተ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሌንሱን ከመመርመራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምገጥመው ምን ላይ ነው?

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። አውቶማቲክ ሌንስ በአዳፕተር ሲሠራም ብሌዶቹን የሚዘጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ያው ሞላ እንጂ ጣታችሁ አይደለም። ዘይቱ ሙጫ ከሆነ ቀለበቱን ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁት ብሌዶቹ ኤፍ 4 ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ብርሃኑን ካሜራው ያስተካክለዋል፤ የፎከስ ጥልቀቱ ግን ያሰባችሁት አይሆንም።

አፐርቸሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌንስ ለብቻው ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያወጣቸው የኢኤፍ ሌንሶች አፐርቸሩን የሚዘጋ ሞተር ውስጣቸው አለ። በእነዚህ ላይ ብሌዱ ከተያዘ ካሜራው የስሕተት መልእክት አሳይቶ እምቢ ይላል። በእጅ ነካክቶ መሞከር አይቻልም።

መስታወቱስ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ዘይቱ ፎቶው ላይ እንደ እድፍ እንዳይታይ ነው። አይታይም። ብሌዱ ያለው ፎከስ ሊሆን በማይችልበት ቦታ ላይ ስለሆነ ላዩ ላይ ያለው ነጠብጣብ ምስል አይሠራም።

ሌላ ጉዳት ግን አለ፤ ይሄኛው በማናቸውም ሌንስ ላይ ይደርሳል። ከብሌዱ ፊትና ኋላ ያሉት መስታወቶች ለዘይቱ ጎረቤት ናቸው። ከዘይቱ የሚተነው ነገር እነሱ ላይ አርፎ ስስ ጉም ይሠራል። በስልክ መብራት በሌንሱ ውስጥ ስታዩ ወተት የነካው ይመስላል። ፎቶው ላይ ውጤቱ የደበዘዘ ንፅፅር ነው፤ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ይነጣል። እንዲህ ያለው ጉም ከተጠረገ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ለብዙ ዓመታት ከተተወ ግን የመስታወቱን ሽፋን ሊበላ ይችላል። በእጃችሁ በሚዞር ሌንስ ላይ እንኳ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ መናቅ የሌለባችሁ ለዚህ ነው።

ስትገዙ እንዴት ታዩታላችሁ?

ሌንሱን ከካሜራው አውጡት። ቀለበቱን ትልቁ ቁጥር ላይ፣ ኤፍ 16 ወይም 22 ላይ አድርጉት። ከኋላው ያለውን ትንሽ ማንሻ ወይም ፒን በጣታችሁ ነክታችሁ ልቀቁት። ብሌዶቹ ዓይናችሁ ሊከተላቸው በማይችል ፍጥነት መሄድ አለባቸው። ሲሄዱ ካያችኋቸው ዘግይተዋል፤ በቃ። «ትንሽ ብቻ ነው የዘገየው» የሚባል ነገር በኤስኤልአር ላይ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ዘይት ያለበት ብሌድ ጥቂት ጊዜ ሲመታ ይላላል። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ሻጩ ሌንሱን ከመስጠቱ በፊት ማንሻውን ጠቅ ጠቅ እያደረገ ከሆነ በጨዋነት አስቁሙትና ሌንሱ ጥቂት ይረፍ። በቪዲዮ የምትገዙ ከሆነ ከቆየበት ወጥቶ መጀመሪያ የሚመታውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

የማንዋልና የአውቶ መቀያየሪያ ያለው ሌንስ ከሆነ ማንዋል ላይ አድርጉትና ቀለበቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ብሌዶቹ ከጣታችሁ እኩል ከሄዱ ጥሩ ነው። ከቀለበቱ ኋላ የሚቀሩ ከሆነ ሞላው እየተሸነፈ ነው።

በዓይን ስትመረምሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሌዶች እርስ በርስ ሲፋተጉ ጥቁሩ ቀለም ይለቅና ቅስት የሆነ የሚያብረቀርቅ መስመር ይተዋል። ይህ ደረቅ ነው፤ ጉዳት የለውም። የዘይት መልክ ሌላ ነው። ጠርዙ ወጥ አይደለም፣ ይረጥባል፣ አንዳንዴ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያሳያል። ብሌዶቹን ከፍታችሁ ስትዘጉት ደግሞ ቅርጹ ይቀየራል። የመፋተግ ምልክት አይቀየርም። ብሌዶቹን አጥብባችሁ ከፊትም ከኋላም እዩ፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው ወገን ንጹሕ መስሎ ሌላው ነው የሚያጋልጠው።

ሌንሱን ከገዛችሁ በኋላ ጥርጣሬ ካደረባችሁና ዲጂታል ኤስኤልአር ካላችሁ ፀሐይ ላይ ውጡ። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጉና በማንዋል ኤፍ 11 እና 1/1000 ላይ አንድ ግድግዳ ደጋግማችሁ አንሡ። ፎቶዎቹ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር ከሆኑ ብሌዱ ነው። አፐርቸሩን እያጠበባችሁ ሻተሩን እያዘገያችሁ የምታነሡት የተለመደው ሙከራ ግን ያታልላል። የዘገየው ሻተር ለብሌዱ ጊዜ ይሰጠዋልና።

ጽዳቱ

በጣም የተስፋፋው «መፍትሔ» መጥፎው ነው። ለላይተር የሚሸጠውን ንጹሕ ቤንዚን ብሌዱ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፤ ማንሻውን መቶ ጊዜ ይመታሉ፤ ብሌዱ ፈጣን ይሆናል፤ «ተስተካከለ» ይላሉ። ቤንዚኑ ተነነ፤ ዘይቱ ግን የትም አልሄደም። ቀጥኖ ወደ ጠርዝ ተገፋ እንጂ። ከዚያም አልፎ ፈሳሹ ሄሊኮይዱ ላይ ደርሶ የቀረውን ግራሶ አሟሙቶ ይዞት ይመጣል፤ መስታወቱ ላይም ጭጋግ ትቶ ይሄዳል። በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ችግሩ ብሶበት ይመለሳል። በነገራችን ላይ «ቀደም ሲል ተጠግኗል» ተብሎ የሚሸጥ ሌንስ እንዲህ የተደረገበት ሊሆን ስለሚችል በምን መንገድ እንደተጠገነ ጠይቁ።

ደብሊው ዲ 40 እና መሰል የሚረጩ ማላቀቂያዎች ጨርሶ አይታሰቡም። ራሳቸው ዘይት ናቸው። አሴቶን ቀለምና ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ የተጣበቁ መስታወቶችን ማጣበቂያም ሊጎዳ ይችላል። የመኪና ቤንዚን ውስጥ የተጨመሩ ነገሮች ስላሉ ሲደርቅ ቅሪት ይተዋል።

ትክክለኛው ሥራ ዘይቱን ከሌንሱ ማውጣት ነው። ለዚህ ከብሌዱ ፊትና ኋላ ያሉት መስታወቶች መውጣት አለባቸው። በብዙ ሌንሶች ላይ የፊቱ ወይም የኋላው የመስታወት ክፍል እንዳለ በቀለበት መፍቻ ይወጣል። ከዚያ ክር በማይተው ጨርቅ ወይም በጥጥ ጫፍ ላይ ጥቂት የላይተር ቤንዚን ነክቶ ብሌዱን መጥረግ፣ ማንቀሳቀስ፣ እንደገና መጥረግ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ መውጣት ሲጀምር አቁሙና ሌንሱን ለአንድ ቀን ተዉት። በማግስቱ በብሌዶቹ መካከል ተደብቆ የነበረው ዘይት ይወጣል፤ እንደገና ትጠርጋላችሁ። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም። ቤንዚኑ በቀላሉ እሳት ስለሚይዝ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ ርቆ ይሁን።

እጃችሁን ቀላል አድርጉት። ብሌዱ ከታጠፈ ቀጥ ብሎ አይመለስም፤ ፒኗ ከወለቀችም ሌንሱ መለዋወጫ ሆነ ማለት ነው። የተጣበቀ ብሌድን በጉልበት መምታት ፒን የሚነቀልበት ዋናው መንገድ ነው።

ፍጹም የሚሆነው ብሌዶቹን አንድ በአንድ በወረንጦ አውጥቶ አጥቦ አድርቆ መመለስ ነው። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ሳህኑ ሲነሣ ራሳቸው ይበተናሉ። መመለሱ ነው ላብ የሚያወጣው። እያንዳንዱ ብሌድ በፊተኛው ላይ ተደርቦ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ሥር መግባት አለበት። 6 ብሌድ ከሆነ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የጁፒተር 9ን 15 ግን ለመጀመሪያ ልምምድ አልመክርም።

አንድ ሌላ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ሄሊኮይዱ ነው። ብሌዱን አጥባችሁ አሮጌውን ግራሶ ከተዋችሁት ምንጩ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሄሊኮይዱም ተፈትቶ ታጥቦ በአዲስ የሌንስ ግራሶ፣ በስሱ መቀባት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው። የሄሊኮይድ ጥርስ መግቢያው ብዙ ነው። የተለያየበትን ቦታ ምልክት ሳታደርጉ ከፈታችሁት በየትኛው በኩል እንደሚገባ ታጣላችሁ፤ በተሳሳተው ካስገባችሁት ደግሞ ሌንሱ ሩቁን ፎከስ ማድረግ ያቅተዋል። ከመፍታታችሁ በፊት ጭረት አድርጉ፤ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንሡ። የጃፓን ሌንሶች ብሎን ተራ መስቀለኛ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ የራሱ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ካልተጠቀማችሁ ጭንቅላቱን ትበሉታላችሁ።

ማን ይሥራው ለሚለው የእኔ አመለካከት ይህ ነው። የባለሙያው ድካም ሌንሱ ርካሽ ስለሆነ አይቀንስም። ሌንሱ በየቦታው የሚገኝ ከሆነ ማሠራቱ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ብሌዱ ደረቅ የሆነ ሌላ ፈልጉ፤ የተበላሸው መማሪያ ይሁናችሁ። ሌንሱ ብርቅ ከሆነ ወይም የምትወዱት ሰው ያወረሳችሁ ከሆነ ግን መማሪያ አታድርጉት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ስትሰጡትም «የሄሊኮይዱንም ግራሶ ትቀይረዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ አይደለም ከሆነ ገንዘባችሁን ለአንድ ዓመት እፎይታ ብቻ እየከፈላችሁ ነው። በእጅ የሚዞር ሌንስ ከሆነና መስታወቱ ጉም ካልያዘ ደግሞ አትንኩት። ፎቶ አንሡበት።

አቀማመጡን በተመለከተ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር ወይም ጣሪያው የሚግል ቦታ ላይ አታስቀምጡ። አልፎ አልፎ አውጥታችሁ ብሌዱን ጠቅ አድርጉት። ይህ ዘይቱን አያስወጣም፤ ነገር ግን ብሌዱ መዘግየት ሲጀምር፣ ዘይቱ ሙጫ ከመሆኑና መስታወቱ ከመጎሙ በፊት ታውቁታላችሁ።